«ሲደርስ ይናገራል»

ቅቤ ተራ የገባ ሰው ቅቤውን ሳያሸት አይገዛም። ከኮባው ጫፍ ቆንጠር አድርጎ በጣቱ ያሻል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት መጀመሪያ የሚያምነው የራሱን አፍንጫ ነው። በርበሬ ተራ ዛላውን ሰብሮ ውስጡ ሻግቶ እንደሆነ ያያል። ጨርቅ ሲገዛ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ከተባለው ላይ ክር መዝዞ በክብሪት ይሞክረዋል። መርካቶ ውስጥ ዕቃን ሳይመረምር እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሰው ሞኝ ነው የሚባለው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ሦስት ዓመት የሞላው ልጁ አንዲት ቃል ሳይወጣው፣ በስሙ ሲጠራ ዞር ሳይል፣ ቀኑን ሙሉ አንድ የጠርሙስ ክዳን እያሽከረከረ ሲውል ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ልጅ አይደል? ሲደርስ ይናገራል።

ሲሰሙት ትዕግሥት ይመስላል። አያት የተጨነቀችውን እናት ታጽናናበታለች፤ ጎረቤት ቡና ላይ ይደግመዋል፤ «አባቱም እስከ አምስት ዓመቱ አፉ አልተፈታም ነበር፣ ዛሬ ማን ያስቆመዋል?» የሚል ምስክር ይታከልበታል። ክፋት የለበትም፤ እስከ ዛሬ ያቆየውም ደግነቱ ነው። ትዕግሥት መሆኑን ግን አልቀበልም። ትዕግሥት ማለት ነገሩን አይቶ፣ ምንነቱን ለይቶ መጠበቅ ነው። ይህኛው ሳያዩ መፍረድ ነው፤ «ምንም የለበትም» የሚል ብይን፣ ያውም ምስክር ሳይሰማ። ፍርድ መሆኑ የሚጋለጠው ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ «ልጅ ነው» እየተባለ ሁሉ ነገር የታለፈለት ልጅ አንደኛ ክፍል በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ስም ይወጣለታል፦ ሰነፍ፣ ቀልበ ቢስ፣ ቅብጥብጥ፣ ጭንቅላቱ የማይቀበል። ልጁ ያው ልጅ ነው። የተለወጠው የሰዉ አፍ ነው፤ በአንድ ክረምት ከይቅርታ ወደ ወቀሳ ተሻገረ። በሁለቱ መካከል «ምን ሆኖ ይሆን?» የተባለበት አንድ ቀን እንኳ አልነበረም።

«ዘግይተው የተናገሩ ሞልተዋል» የሚለው ክርክር ውሸት አይደለም። በሁለት ዓመታቸው ቃል ካጠራቸው ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ እኩዮቻቸው ላይ ይደርሳሉ። ችግሩ የሚደርሰውንና የማይደርሰውን ልጅ ለመለየት ምላሱን ብቻ መጠበቃችን ነው። ምልክቱ ከምላስ በፊት በጣትና በዓይን ይመጣል። አንድ ዓመት የሞላት ሕፃን በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለ ጆንያ የተጫነች አህያ ብታልፍ ጣቷን ትቀስራለች፤ ከዚያ ዞር ብላ የእናቷን ፊት ታያለች፤ እንደገና ወደ አህያዋ ትመለሳለች። «አየሽልኝ?» ማለቷ ነው። ቋንቋ የሚበቅለው ከዚህች ትንሽ ቅጽበት ነው። እስከ 12 ወር ድረስ «ባ ባ ባ» የማይል፣ በጣቱ የማያሳይ፣ በእጁ ቻው የማይል ልጅ፣ እስከ 16 ወር አንዲት ቃል ያልወጣችው፣ እስከ 24 ወር እንደ «እማ ነይ» ያለ ሁለት ቃል ከራሱ አፍልቆ ያላጋጠመ ልጅ መታየት አለበት። በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ያወቃቸውን ቃላት እየተዋቸው የመጣ ልጅ ግን ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ይታይ ማለት ደግሞ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጆሮው ነው፤ ጆሮው መግል ሲያመጣ የከረመና የሚሰማው ግማሽ ግማሹን የሆነ ልጅ «እልኸኛ» ተብሎ ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ። ብዙ ልጆች እንደሚደርሱ ማወቃችን አንዱን ልጅ ላለማየት ምክንያት አይሆነንም። ከአሥር ዛላ ዘጠኙ ደኅና ነው ብሎ አሥረኛውን ሳይሰብር የሚገዛ ማን አለ?

መርካቶ ላይ ሌላም ማመካኛ አለ፦ «ቋንቋ ተቀላቅሎበት ነው»። ቤት ጉራግኛ ወይም ስልጥኛ፣ ደጅ አማርኛ፣ ከአባት ደንበኞች ጋር ኦሮምኛ። የሁለት ቋንቋ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አይደግፉም። ልጁ ቃላቱን በየቋንቋው ያካፍል ይሆናል እንጂ በሁለቱም ዝም አይልም፤ ጣት መቀሰርም ለማንም ብሔረሰብ የተለየ ቋንቋ የለውም። አዲሱ ማመካኛ ደግሞ ስልክ ነው። ከባንኮኒው ሥር ካርቶን ላይ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ የሚያይ ሕፃን ከሰው ጋር የሚለዋወጠው ነገር ያንሰዋል፤ ይህ ሊስተካከል ይገባል። ነገር ግን «ስልኩን ነጥቀነዋል፣ እንግዲህ ይናገራል» ብሎ ሌላ ሁለት ዓመት መጠበቅ ያው አሮጌው ፍርድ ነው፤ ወንጀለኛው ብቻ ተቀየረ። ልጁ ስልኩ ላይ የሙጥኝ ያለው ሰው ስለከበደው ሊሆንም ይችላል።

እስካሁን ያነሳሁት ገና ያልተናገረውን ልጅ ነው። ጥሩ አድርጎ የሚናገረው፣ የሚቀልደው፣ መልስ በትክክል ቆጥሮ የሚሰጠው፣ ግን ማንበብ አልሆንልህ ያለው ልጅ ነገር ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም እሱን አሳምረን እንደብቀዋለን። መደበቂያችን ዜማ ነው። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት ሰፈር የልጅ ትምህርት ሲጀመር በየትኛውም በኩል በድምፅ ነው፤ ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናትም ከዚህ አልወጣም። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ጆሮው ንቁ የሆነ ልጅ ፊደሉን በሙሉ፣ 33ቱን በሰባት እርከን፣ አንዲት ምልክት ሳያውቅ ሊዘልቀው ይችላል። ጣቱ ገበታው ላይ ይሄዳል፣ አፉ ዜማውን ይከተላል፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። ወላጅ «ሀሁን ጨርሷል» ብሎ ይኮራል። ሁለተኛ ክፍል ላይ የማያውቀው ጽሑፍ ሲቀርብለት ሥዕሉን አይቶ ይገምታል፤ ከዚያ «አውቆ ነው፣ ሰነፈ» ይባላል።

የሚያስገርመው፣ ይህን ማጭበርበር የድሮ የኔታዎች ደርሰውበት መፍትሔ አበጅተውለት ነበር። ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚባለው ገበታ ለምን መጣ? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፤ ፊደሉም እርከኑም በያንዳንዱ እርምጃ ይቀያየራል፤ በሀሁ ዜማ የተንሳፈፈ ልጅ እዚህ ይሰጥማል። አቡጊዳ ሁለተኛ ሀሁ ሳይሆን ፈተና ነው፤ ተማሪው ያየውን ነው ወይስ የሰማውን የሚለው የሚለይበት። ዛሬ አቡጊዳውንም እንደ ሀሁ በዜማ አስሸምድደን ፈተናነቱን ገደልነው። አንድ ወላጅ ልጁን ለማየት ባለሙያ መጠበቅ የለበትም፤ ከመጽሐፉ መካከል አንዲት ፊደል በወረቀት ከልሎ «ይህቺ ማን ናት?» ማለት ይበቃል። ሲሳሳት ደግሞ አሳሳቱን ያስተውል። ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ መመሪያዎች ቢ እና ዲ የተባሉትን ፊደላት የሚያገላብጥ ልጅ ፈልጉ ይላሉ፤ የእኛ ልጅ የሚደናቀፈው ሌላ ቦታ ነው። ሰ ላይ አንድ ሰረዝ ስትቀመጥ ሸ ትሆናለች፤ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀም እንዲሁ በራሳቸው ላይ ባለች ጭረት ነው የሚለያዩት። ቡ ቅጥያዋን ወገቧ ላይ ትይዛለች፣ ቢ እግሯ ሥር። ባ እና ቦ የሚለያዩት በየትኛው እግራቸው መርዘም ነው። ሳድሱ ደግሞ ሕግ የለውም፤ ል፣ ስ፣ ብ፣ ት፣ ን ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ተጣምመዋል። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ለጥቂት ወራት ይንገዳገዳል፤ ያ ጤናማ ነው። ዲስሌክሲያ የተባለው የንባብ ችግር ያለበት ልጅ ግን የዓይን ጉድለት የለበትም፤ የሚቸግረው ድምፅን ከምልክት ጋር ማሰር ስለሆነ፣ ትናንት ያወቃትን ቢ ዛሬ ቡ ይላታል፣ ነገ ደግሞ ባ። አእምሮው ንቁ ነው፤ ስንፍናም የለበትም። እንዲያውም አንድ አንቀጽ ለመዝለቅ ከጎኑ ከተቀመጠው ልጅ እጥፍ ደክሟል።

እዚህ ላይ አስተማሪዎች የሚያነሱት ክርክር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገሪቱ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው አንዲት ቃል እንኳ አላነበቡም። ክፍሉ ሁሉ ካላነበበ ከመካከሉ ችግር ያለበትን ልጅ በምን ትለየዋለህ? እውነት ነው፣ በአንድ ቀን አትለየውም። የሚለየው በማስተማር ነው። ለጥቂት ሳምንታት ያላነበቡትን ሁሉ ከዜማ አውጥቶ ፊደል በፊደል፣ ድምፅ በድምፅ ማስተማር ነው። ሳይማሩ የቀሩት ቶሎ ይነሳሉ፤ በዚያም መካከል ንቅንቅ ያላለው ልጅ ብቻውን ይታያል። ይህ ስፔሻሊስት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አስተማሪው «ሰነፍ» የምትለዋን ቃል ለአንድ ወር እንዲያቆያት ነው። በዚያ ወር ለሁለት ዓይነት ልጆች የተለየ ዓይን ቢኖረው ደግሞ መልካም ነው። አንዱ ወንበር ላይ እሾህ ያለበት ይመስል የማይቀመጠው ነው፤ እሱ ቢያንስ ስለሚረብሽ ይታያል። ሌላዋ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት የምትነጉደዋ ልጅ ናት። ትኩረት ማጣቷ ማንንም ስለማይረብሽ «ጨዋ ልጅ» ተብላ ትመሰገናለች፤ እስከ ስድስተኛ ክፍልም በጨዋነቷ ትዘልቃለች።

የመርካቶ የመጨረሻ ማጽናኛ ሱቅ ነው። «ትምህርት አልሆነለትም፣ ይነግድ። እገሌ መፈረም የማይችል ሚሊየነር አይደለም?» እገሌ አለ። ከይርጋ ኃይሌ እስከ ዱባይ ተራ ድረስ ስሙን የማያውቅ የለም፤ የሚያሳስተንም ይኸው ነው። ያለ ፊደል የከበረው ሰው በስሙ ይጠራል፤ ያለ ፊደል ጆንያ ተሸክሞ ዕድሜውን የጨረሰው ግን «ኩሊ» እንጂ ስም ስለሌለው ለምስክርነት አይቆጠርም። ደግሞስ የዛሬው ሱቅ የያኔው ሱቅ ነው? ደረሰኝ፣ የግብር ማስታወቂያ፣ የባንክ መልእክት፣ በስልክ የሚላክ ገንዘብ፣ ሁሉም ንባብ ነው። ድሮ በቃሉ ይዞ የሚውለው ነጋዴ ዛሬ ልጁን ወይም ጸሐፊውን ሳያስነብብ ክፍያ አይቀበልም። ሱቅ ለልጁ ደስ የሚለው ሥራ ከሆነ ይግባበት፤ ሳይመረመር የተጣለበት ጓዳ አይሁን እንጂ።

«ስም ከወጣለት ይገለላል» የሚሉ ወላጆችን ፍርሃት አልንቅም። በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 ተንከባካቢዎች ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንዱ ገደማ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። በአጥር ሥር የሚታሙት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ «ምን ሠርታ ነው?» ይባላል። በዚህ ብቻችንን አይደለንም፤ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ አሜሪካም ሃያ ዓመት ሙሉ የእናትን «ቀዝቃዛነት» ስትከስ ኖራለች። ግን ልብ እንበል፦ ልጁ ያለ ስም አልኖረም። ሰነፍ፣ ዱዳ፣ ዓይነ ጥላ የያዘው፣ ዘገምተኛ፤ ቢያንስ አራት ስም አለው፤ አንዱም ምን እንደሚደረግለት አይናገርም። ትክክለኛው ስም የሚለየው በዚህ ነው፤ ከኋላው ሥራ ያስከትላል። በዚያው ጥናት የጎደላቸውን ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ያነሱት ትምህርትን ነው። ያፈሩት ወላጆች ራሳቸው ከሐኪምም ከገንዘብም አብልጠው ለልጃቸው ትምህርት ጠየቁ። ጠበል ለሚወስዱትም፣ ሩቅያ ለሚያስቀሩትም የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እምነታችሁን ማንም አይከለክላችሁ፣ ግን ጠበሉ የጆሮ ምርመራውን ቀጠሮ አያዘግይ። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ክሊኒክ መሄድን የሚከለክል ቀኖና አላውቅም።

ትክክለኛውን ስም በአደባባይ ቀድመው የተናገሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲጠፋ ሰውረው አላሳደጉትም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአራት ልጆች ከፈቱ። አሁን በሕይወት የሉም። ለማይናገሩ ልጆች የቀረጹትን የድምፅ ማስተማሪያ ስልት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ብለው መሰየማቸው ከላይ ካልኩት ጋር ሲገጥም ደስ ይለኛል፤ ፊደላችን ድምፅን ከአፍ ለማውጣትም መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነህምያን የመሳሰሉ ማዕከላት መጡ። ቢሆንም ቦታ የሚጠብቁት ልጆች ሁልጊዜ ከሚገቡት ይበዛሉ።

ስለዚህ ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ይመጣል፦ «ካወቅሁ በኋላ የት እወስደዋለሁ?» ጳውሎስና የካቲት 12 ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ግን አይበቁም። እንዲህም ሆኖ ማወቅ ከቀጠሮ በፊት ሥራ ይጀምራል። ዱላው ይቀራል፤ ለማይገባው ልጅ ጮክ ብሎ መናገር ይቀራል፤ አባት የተራዘመ ዓረፍተ ነገር ትቶ በሁለት ቃል ያወራዋል፤ ሸክላ ሲሰበርና መኪና ሲያጨናንቅ ጆሮውን ይዞ የሚጮኸውን ልጅ በቅዳሜ ገበያ መካከል መጎተት ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች እንዲሰጥ የታሰበ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። «አቅም የለንም» ለሚሉ ደግሞ ከራሳችን ገበያ የተገኘ ምላሽ አለ፤ ጨው። የአዮዲን እጥረት ልጅን ገና ሳይወለድ አእምሮውን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ዘንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ደንብ ወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ገደማ ደረሰ። አንድም ሆስፒታል ሳይሠራ ከአምራች እስከ ቸርቻሪ አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፤ ጨው ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተጠየቀ።

ለልጁም የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ብዙ እናት ልጇን ለክትባት ጤና ጣቢያ ትወስዳለች፤ በስድስተኛ፣ በአሥረኛና በአሥራ አራተኛ ሳምንት፣ ከዚያ በዘጠኝ ወር ለኩፍኝ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአሥራ አምስት ወር ለሁለተኛው ዙር። ይህ የመጨረሻው ቀጠሮ ልጅ ጣቱን የሚቀስርበትና የመጀመሪያ ቃሉን የሚያወጣበት ወቅት ላይ ገጥሞ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ኪሎው ይጻፋል፣ እናትየው ነጠላዋን አስተካክላ አዝላው ትወጣለች። ባለሙያዋ መርፌውን ከመጣሏ በፊት ቀና ብላ ሁለት ነገር ብትጠይቅ አንድ ደቂቃ አይሞላም፦ ስሙን ስትጠሪው ዞር ይላል? የሚያስደስተው ነገር ሲያይ በጣቱ ያሳይሻል? እናት «እሱስ የለም፣ ግን ሲደርስ...» ብላ ከጀመረች፣ ካርዱ ላይ ከኪሎው ጎን የጆሮ ምርመራ ቀን ይጻፍላት።